ቀይ ክር የታሰረበት አውራ

ወላሂ፣ ቢላሂ፣ ተላሂ። ሦስቱንም መሐላ ባንድ ትንፋሽ የደረደርኩት ከዚህ በታች ያለው ነገር አንድም ሳይቀር እውነት ስለሆነ ነው። ሰው ስለ እኔ የሚለውን አውቃለሁ፤ «ዙወይና አንድ ፍየል ካየች መቶ ፍየል ታወራለች» ይላል። ይበል። ስለ ፍየል ጨምሬ ይሆናል። ስለ ሁለቱ ባሎቼም ትንሽ ጣል አድርጌ ይሆናል። በንብ ግን አልዋሽም። በሰባት ዓመቴ፣ በእነዚህ በሁለት እጆቼ፣ አርባ ቀፎ ንብ በሁለት ወንድማማቾች ላይ ለቅቄ ሊተራረዱ የነበሩ ሰዎችን ያዳንኩ እኔ ነኝ። አንድ አህያ ሞቷል፣ አንድ ሰው ዓይኑን አጥቷል፤ አልክድም። ያለ ኪሳራ የታረቀ ጦርነት የት አለ?

የግቢያችን የምሥራቁ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ ቀፎ ነበር። የተምር ግንድ ውስጡ ተቦርቡሮ፣ ሁለቱ አፉ በክብ እንጨት ተደፍኖ በጭቃ የተመረገ፤ አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ሬሳ ጋደም ብሎ የተደረደረ። አርባ ብያለሁ፣ አርባ ግንድ ነበር። ንብ ያለበት አሥራ አንዱ ነው። ባዶ ቤትስ ቤት አይደለም እንዴ?

አያቴ ሲሞት ግቢውንና ቀፎውን ለሁለት ልጆቹ ተወ፤ ለአባቴ ለኸልፋን እና ለታናሽ ወንድሙ ለሑመይድ። አባቴ ዝምተኛ ነው፤ ንቦቹን እንደ ወታደር ይቆጥራቸዋል። «ዓሚ» የምለው አጎቴ ሑመይድ ደግሞ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ንቦቹ ጢሙ ላይ ሲሄዱ እየሳቀ ስም ያወጣላቸዋል። እኔ የማንኛቸው ወገን እንደነበርኩ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

በሙቀቱ ወራት በተራራው ሥር ያለ መንደራችን ምድጃ ይሆናል። ሰፈፉ ቀልጦ ማሩ ከነጫጩቱ እንዳይፈስ እናቴ ረያ ጆንያ በውሃ እየነከረች ግንዶቹን ታለብሳለች። ተርቦቹ የሚመጡት ያኔ ነው። ቀያይ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የአባቴን አውራ ጣት ያህላሉ። ተርብ ከንብ ጋር ሲጣላ በመንደፍ አይደክምም፤ አንገት ይቀላል። የቀፎው በር ላይ ይቆምና የምትወጣዋን አፈፍ አድርጎ ራሷን ይቆርጣል፣ ክንፏን ይነቅላል፣ የቀረውን አድቦልቡሎ ለልጆቹ ይወስዳል። ሲመሽ ከግንዱ ሥር ጭንቅላት ብቻ እንደ ሰሊጥ ተበትኖ ይቀራል።

ዓሚ ሑመይድ ጫፉን በድንጋይ ቀጥቅጦ ጠፍጣፋ ያደረገው የተምር ዝንጣፊ ሰጠኝና «ምቺ፤ ከመታሽ ደግሞ አትማሪ» አለኝ። አልማርኩም። ባንድ ጠዋት ስድስት መቶ ተርብ ገደልኩ። ገላቸው ዝንጣፊዬ ላይ እየተለጠፈ መሣሪያዬ ከብዶኝ ነበር። የተሰበረ ተርብ ግማሽ ገላውን እየጎተተ ወደ ቀፎው ሲሳብ በእግሬ ጨፈለቅኩት፤ ሞቶም ነደፈኝ። አላለቀስኩም። እሺ፣ አለቀስኩ፤ ግን እየመታሁ ነው ያለቀስኩት።

በዚያ ወር አባቴ በትኩሳት ተጥሎ ነበር። ዓሚ ሑመይድ አሥራ አንዱንም ቀፎ ብቻውን ከጎህ እስከ ምሽት ቆሞ ጠበቀ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ እንደ ቆመ ግድግዳውን ተደግፎ እንቅልፍ ጣለው፤ በዚያች ሰዓት ተርቦቹ አንዱን ቀፎ ፈጁት። አባቴ ከሳምንት በኋላ አጥንት ሆኖ ወጣ፣ ግንዱን በእግሩ መታው፣ ግንዱ ባዶውን ጮኸ። «ተኝተህ ነበር» አለው ወንድሙን። ዓሚ ሑመይድ ሳቀ። እኔም የወንድማማቾች ጨዋታ መስሎኝ ሳቅኩ። ያን ጊዜ ዓሚ ቀን ተርብ ሲመታ ውሎ ሌሊት ሌሊት የአባቴን ትውከት ሲደፋ እንደሚያነጋ፣ የሳቀውም ሌላ የሚለው ስለጠፋው እንደነበር የገባኝ ራሴ በሽተኛ ሳስታምም ነው።

ከሙቀቱ በኋላ ቁርቁራው አበበ፣ ማሩ ጠቆረ፣ ወፈረ። ተቆረጠ። በአንደኛው ቀፎ ቢላዋው ጠልቆ ገብቶ ለንቦቹ ስንቅ ሳይቀር ቀረ፤ አባቴ «አንተ ነህ»፣ ዓሚ «አንተ ነህ» ተባባሉ። የቀሩት ቀፎዎች አሥር ናቸው፤ የወንድማማቾቹ ድምፅ ግን የአንድ ሺህ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌው ጃዒድ ተጠራ። በእኛ አገር የንብ ጠብ ወደ ሸይኽ አይሄድም፤ በንብ ጉዳይ የሚዳኘው ንብ ሲያረባ ያረጀ ሰው ነው። ጃዒድ ሰውነቱ ሁሉ ተነድፎ ተነድፎ እንደ ደረቀ ቆዳ ሆኗል።

እኔ ከተምር ጆንያው ጀርባ ተቀምጬ እሰማለሁ። ጃዒድ አንድ ግቢ ሁለት ጭስ እንደማይችል ተናገረና ቤቱ ይከፈል አለ። እንደ ግንዱ በመጋዝ ሊቆርጡት መሰለኝ። መጋዙ የሚያልፈው በእኔ መኝታ በኩል ይሆናል ብዬ ለሁለት ሳምንት እግሬን አጥፌ ተኛሁ።

ፍርዱ ግን ይህ ነበር። ቀፎው እኩል፣ አምስት አምስት። የአባቴ ምልክት ጥቁር የፍየል ጠጉር ክር፣ የዓሚ ምልክት ከሻሹ ዘርፍ የተመዘዘ ቀይ ክር። ግራሩ አበባ እስኪያወጣ ድረስ የሚወጣ የንብ መንጋ በአየር ላይ እያለ የአላህ ነው፤ የመንጋው እናት በሆነችው አውራ ላይ ክሩን ያሰረ ግን ባለቤቱ እሱ ነው። ግራሩ ሲያብብ ብዙ ቀፎ ያለው ግቢውን ይወርሳል፤ ያነሰው ግንዱን ጭኖ ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓሚ ሑመይድ ከተሸነፈ ይሄዳል። ካሸነፈ ሁላችንም አብረን እንኖራለን ብዬ ነበር። አባቴ ቢሸነፍ ከግንዱ ጋር የሚጫኑት እናቴና እኔ እንደሆንን እንዴት ይገባኛል? አባት ከቤቱ ይሄዳል እንዴ? አባት እኮ ግድግዳ ነው።

ብርዱ ገባ፤ አበባ ጠፋ፤ ንብ ከንብ ተባላ። ጠንካራ ቀፎ የደካማውን ማር ሲዘርፍ ያላየ ሰው ጦርነት አይቻለሁ አይበል። በሩ ላይ ይያያዛሉ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ መሬት ላይ ይንከባለላሉ፣ አንዷ የሌላዋን አንገት ፈልጋ ትወጋታለች፤ ገዳይም ሟችም አብረው ይቀራሉ። የሚዘረፈው የዓሚ ቀፎ ነበር። እሱም ከማድቤታችን አንድ ጭብጥ ዱቄት ወስዶ ዘራፊዎቹ ላይ ነሰነሰባቸው፤ ንብ ሌባ መሆኗ የሚታወቀው ነጭ ለብሳ የምትገባበትን በር በማየት ነው። ነጫጮቹ ንቦች ተነሡ፤ ተሰልፈው በአባቴ ቀፎ ገቡ።

ልክ እንደ ሙሽራ ነጭ ለብሰው ነበርና በሣቅ ፈረስኩ። አባቴ በጥፊ አጋደመኝ። ከዚያ በፊት ነክቶኝ አያውቅም። ዱቄት ስለባከነ ነው ብዬ እናቴን ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እናቴ ደግሞ ከንፈሬ ላይ ያለውን ደም ጠረገችልኝ። የሰውን ንብ ሌባ ማለት ሰውየውን በአደባባይ ሌባ ማለት እንደሆነ ማን ይንገረኝ? ዓሚ ሑመይድም ዱቄቱን የነሰነሰው ጎረቤት ሁሉ በግድግዳው ላይ አንገቱን አስግጎ እያየ ነው። እሱም ቢሆን መልአክ አልነበረም።

ብርዱ ሊያልቅ ሲል ቀፎዎቹ ማፏጨት ጀመሩ። ዓሚ ጆሮውን ግንዱ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል፤ ወጣት አውራዎች ከመወለዳቸው በፊት ይፎካከራሉ። አንዱን ቀፎ ከፍቶ ከክፍሏ ልትወጣ የደረሰች አውራ አወጣ፤ ቀጭን፣ ወርቃማ፣ ገና እርጥብ። በሁለት ጥፍሮቹ መሀል አንገቷን ቀጭ አደረጋት። ሁለተኛዋንም፣ ሦስተኛዋንም። ለምን ብዬ ጠየቅኩት።

«ሁለት አውራ ያለበት ቤት ራሱን ይበላል» አለኝ። ይህን ሲል ዓይኑ የአባቴ በር ላይ ነበር። ምን አይቶ ነው ብዬ እኔም ዞሬ አየሁ። በር ነው፤ ሌላ ምንም የለም።

ግራሩ ሊያብብ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አምስት ለአምስት እንደሆኑ፣ አባቴ ገበያ በሄደበት ቀን፣ መንጋው ወጣ። ከአባቴ ሦስተኛ ቀፎ ነው የወጣው። ግቢው ጨለመ። ሃምሳ ሺህ ንብ፣ ምናልባትም ሁለት መቶ ሺህ፣ እየተሽከረከረ ሮማኑ ዛፍ ላይ ወረደና ቅርንጫፉን እስከ መሬት አጎነበሰው። ዓሚ ሑመይድ ባዶ ክንዱን እስከ ክርኑ ድረስ መንጋው ውስጥ ከተተ። ሲያወጣው በጣቶቹ መሀል አውራዋ ነበረች።

አውራ የማሰር ሥራ የእኔ ነበር። ክሩን በደረቷና በሆዷ መሀል ባለችው ወገብ ላይ ታዞሪያለሽ፤ ቢጠብቅ ለሁለት ትቆርጫታለሽ፣ ቢላላ አምልጣ መንጋውን ይዛ ትሄዳለች። የክሩ ሌላ ጫፍ ግንዱ ውስጥ በሚተከል ችካል ላይ ይታሰራል። እሷ ከታሰረች ንቦቹ ጥለዋት አይሄዱም፤ የሰፈፍ እንጀራቸውን መጋገር ሲጀምሩ ትፈታለች። ለዚህ የልጅ ጣት ነው የሚያስፈልገው። በስድስት መንደር እንደ እኔ ያለ አሳሪ አልነበረም፤ በስምንት መንደር ብልም የሚጠይቀኝ የለም።

«ከአባትሽ ቀፎ ነው የወጣው። ጥቁሩን እሰሪ» አለኝና የቀረውን ሊያራግፍ ወደ ዛፉ ተመለሰ።

ሁለቱም ክር ጭኔ ላይ ነበር። አውራዋ በጣቶቼ መሀል ትንቀጠቀጣለች። አምስት ለአምስት። ዓሚ ጀርባውን ሰጥቶኛል።

ቀዩን አሰርኩ።

በጡጫዬ ሸፍኜ፣ ክንዴም ቀጭን ስለሆነ ችካሉን ጨለማው ግንድ ውስጥ ራሴ ተከልኩት። ዓሚ መንጋውን አራግፎ አስገባና አፉን በጭቃ መረገው። ሲጨርስም «አባትሽ ዛሬ ደስ ይለዋል» አለኝ። ይህን የክር ነገር እስከ ዛሬ ለአንድ ነፍስ አልተናገርኩም። ጦርነቱን ለሺህ ሰው አውርቻለሁ፤ ክሩን ግን ሁልጊዜ ዘልዬው አልፋለሁ። አሁን ሁለቱም ወንድማማቾች አፈር ለብሰዋልና ይጻፍ።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይዋ ገና ስትወጣ እንደ መጥበሻ ታቃጥል ነበር። አባቴ ሌሊቱን ከገበያ ተመልሶ አዲሱን ግንድ ከፍቶ አየ። ጩኸቱ ሰባት ተራራ ተሻገረ። እኔ ከመኝታዬ ዘልዬ ወጣሁ። አባቴ ግንድ የሚያነሣበትን ወፍራም ዱላ ይዟል፤ ዓሚ ሑመይድ ጩቤውን መዟል። ሁለቱም አረፋ ይደፍቃሉ። አንዱ ሌላውን ሊገድል አንድ እርምጃ ቀርቶታል።

ያኔ ነው እኔ ዙወይና የኸልፋን ልጅ ታሪክ የሠራሁት። ወደ ግድግዳው ሮጥኩ። የመጀመሪያውን ግንድ መድፈኛ ነቅዬ ጣልኩ፣ ሁለተኛውን፣ አሥረኛውን፣ አርባውንም! ከባዶዎቹ እንኳ ንብ ወጣ። ሰማዩ ተዘጋ። ንቦቹ ጥቁርና ቀይ ክር አልለዩም፤ ሁለቱንም እኩል ወረዱባቸው። አባቴ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ዓሚ ሻሹን በጥርሱ ነክሶ ፊቱን ቧጠጠ። አህያው ገመዱን በጥሶ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረና ሆዱ እንደ አቁማዳ ተነፍቶ ወደቀ፤ እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ሞተ። እኔን አንዲት ንብ አልነካችኝም፤ ያውቁኛላ።

ደግሞ ድምፁ። የተቆጣ ንብ እዝዝዝ የሚል የሚመስላችሁ ካላችሁ ያን ቀን አልነበራችሁም ማለት ነው። ያ ድምፅ ደረቅ ነበር፣ ከባድ። ዱፍ ይላል፤ ትንሽ ይቆያል፤ ደግሞ ዱፍ። ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ሙሉ ንብ እንዲያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።

ሲበርድ ዓሚ ሑመይድ ግራ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። ዘጠና ንብ እዚያች አንዲት ዓይን ላይ ተረባርባ። በሦስተኛው ቀን ግንዶቹን ግመል ላይ ጭኖ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረደ። በቁጥር አሸንፎ ሳለ ግቢውን ለምን እንደተወ ያን ጊዜ ማንም አልጠየቀም፤ እኔ ግን ኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ባንድ ዓይን አውራ ማየት ስለማይቻል ነው እላለሁ። አባቴም ከዚያ ቀን በኋላ ቀፎ ከፍቶ አያውቅም። የቀረልን ንብ ሁሉ በእናቴ እጅ ገባ። አባቴ በዚያ ግድግዳ በኩል እንኳ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ንብ ያስፈራራው ጀግና እያልኩ ስንት ሰርግ ላይ አስቄበታለሁ። አንድ ጊዜ እየሰማኝ ነበር። ተነሥቶ ወጣ እንጂ አልተቆጣኝም።

ይህን ሁሉ ጽፌ ስጨርስ ለእናቴ አነበብኩላት። ዕድሜዋ ሰማንያን ካለፈ ቆየ፤ ፊደል አትለይም፣ ጆሮዋ ግን የድመት ነው። ጭኗ ላይ ትሪ አስቀምጣ ከተምር ዘር ታወጣ ነበር። አንብቤ ስጨርስ እንድታደንቀኝ ጠበቅኩ። እሷ ግን የክሩን ነገር ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ደገምኩላት። እጇ ትሪው ላይ ቆመ።

«ብርድ ነበር» አለች። «ማታ ብርዱ ተመልሶ፣ ያን ጠዋት በጋኑ ውስጥ ያለው ውሃ ቆዳ አውጥቶ ነበር። በዚያ ብርድ ንብ አይበርም፣ ልጄ። አንዲትም አልወጣችም።»

«አህያውስ?»

«አህያው የሞተው በሌላ ዓመት ነው፤ ገደል ገብቶ።»

 

«ከመኝታሽ አልወጣሽም» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «እኔ እቅፍ ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ሥር ነበርሽ፤ በሩን በእግሬ ገፍቼ ይዤ፣ በስንጥቁ እያየሁ። አባትሽ ‹ማን ነው ያሰረው?› አለው። ሑመይድ ቀዩን ክር አየ።  ከዚያ ‹እኔ ነኝ› አለ። ጩቤ አልመዘዘም፣ እጁንም አላነሣም። እኔም አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ሑመይድ ሌባ ነው ስል ኖርኩ።»

ዘሩን ያወጣችለትን ተምር መልሳ ትሪው ላይ አኖረችው።

«ድምፁን ግን ሰምቻለሁ» አልኳት። «ኡሚ፣ ድምፁን እኮ ሰምቻለሁ።»

«ሰምተሻል። ዱላው ሲያርፍበት ‹ኡሚ፣ ምንድን ነው?› አልሽኝ። ጆሮሽን በሁለት እጄ ሸፈንኩና ንብ ነው አልኩሽ።»